የጢም መላጫ ብሩሽና አባ ሰንጋ፦ ከአንድ ተራ ዕቃ ጀርባ ያለ የሕክምና ታሪክ

መግቢያ

አበው «ምላጭ ቢያብጥ በምን ይበጡ፤ ውኃ ቢያንቅ በምን ይውጡ» ሲሉ ተርተዋል። እብጠትን የሚበጣው ምላጭና ጉሮሮን የሚያርሰው ውኃ ራሳቸው የችግሩ ምንጭ ሲሆኑ ሰው መላው ይጠፋዋል ለማለት ነው። ይህ ተረት በሕክምና ታሪክ ውስጥ ቃል በቃል ለመፈጸም የተቃረበበት ጊዜ ነበር። ንጽሕናን ለመጠበቅ ተብሎ በየማለዳው ፊት ላይ የሚታሸው የጢም መላጫ ብሩሽ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ዘመንና ከዚያ በኋላ በነበሩት ጥቂት ዓመታት የገዳይ በሽታ አስተላላፊ ሆኖ ተገኝቷል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ያንን ታሪክ ባጭሩ ማስታወስ፣ ከአገራችን ሁኔታ ጋር ማገናዘብና ዛሬ ብሩሽ ለሚመርጥ ሰው የሚጠቅመውን ፍሬ ነገር ማውጣት ነው።

ለጽሑፉ ምክንያት የሆነው አንድ ታካሚ ነው። በየካ ክፍለ ከተማ፣ ከእንጦጦ ግርጌ ካሉት መንደሮች በአንዱ የሚኖር ወጣት ከተላጨ በኋላ አገጩ ሥርና አንገቱ ላይ በሚወጡ የሚያሳክኩ እባጮች ተቸግሮ ወደ ክሊኒክ መጣ። ሕመሙ ጢማቸው የተጠቀለለ ወንዶችን በብዛት የሚያጠቃው ፕሱዶፎሊኩላይቲስ ባርቤ የሚባለው ነበር፤ ይኸውም በጣም ተጠግቶ የተቆረጠ ጸጉር ተጠምዝዞ ወደ ቆዳ ውስጥ ተመልሶ ሲገባ የሚፈጠር ብግነት ነው። ወጣቱ ምክር ከተሰጠው በኋላ ከቦርሳው በወረቀት የተጠቀለለ አንድ አሮጌ ብሩሽ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አኖረ። እጀታው ከቀንድ የተሠራ ነው፤ የሠሪ ስምም ሆነ የአገር ምልክት የለበትም። ቤተሰቡ እንደሚናገረው ብሩሹን የገዙት ቅድመ አያቱ ሲሆኑ፣ ጊዜውም ባቡር አዲስ አበባ በገባበት በ1909 ዓ.ም. አካባቢ ነው። ሴት አያቱ ደግሞ ጸጉሩን ዳሰስ አድርገው «ይኼማ የፈረስ ጭራ ነው፤ ቄሱ ከሚይዙት አይለይም» ብለውታል።

«ዶክተር፣ እንዲህ ያለው የድሮ ዕቃ ጥራቱ ዛሬ የትም አይገኝም ይሉኛል። ልላጭበት ወይስ ሌላ ልግዛ? እርስዎ ምን ይመክሩኛል?» ሲል ጠየቀ።

የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ በመጀመሪያ ጥያቄውን በፈገግታ ሊያልፈው ቃጥቶት ነበር። ነገር ግን የፈረስ ጸጉር፣ የጦርነቱ ዘመን እና የሠሪ ስም አለመኖር በአንድ ዕቃ ላይ ሲገጣጠሙ የሕክምና ታሪክን ላነበበ ሰው በቀላሉ የሚታለፉ አይደሉም።

ብሩሹና ጸጉሩ

አሁን የምናውቀው የጢም መላጫ ብሩሽ የተስፋፋው በአሥራ ስምንተኛው መቶ ክፍለ ዘመን በፈረንሳይ አገር ነው። ፈረንሳዮች ብሩሹን «ብሌሮ» ብለው ይጠሩታል፤ ቃሉ መሬት ቆፍሮ የሚኖረው ባጀር የተባለው እንስሳ ስም ነው። የባጀር ጸጉር ጫፉ ለስላሳ ሆኖ ውኃን በሚገባ ስለሚይዝ ለዚህ ሥራ ተመራጭ ሆኖ ቆይቷል። ይሁን እንጂ ዋጋው ውድ በመሆኑ ሠሪዎች የአሳማንና የፈረስን ጸጉርም ይጠቀሙ ነበር። የፈረስ ጸጉር ቀለም ተነክሮ ባጀር እንዲመስል ተደርጎ ይሸጥ እንደነበረም ይታወቃል። ገዢው በዓይኑ አይቶ ሊለየው የማይችለው የዕቃ አመጣጥ ኋላ ላይ የሞትና የሕይወት ጉዳይ ሊሆን ነበር።

በአገራችን መላጨት ከብሩሽ ይልቅ ከምላጭና ከውኃ ጋር የኖረ ልማድ ነው። ሐዘን የደረሰበት ሰው ራሱን ይላጫል፤ ሕፃናት ቁንጮ እየተተወላቸው ይላጩ ነበር። የፈረስ ጸጉር ግን ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም። የመሰንቆ አውታርና የደጋኑ ክር ከፈረስ ጭራ ይሠራሉ፤ ካህናትና ሽማግሌዎች ዝንብ የሚከላከሉበት ጭራም ከዚያው ነው። የወጣቱ አያት በመዳሰስ ብቻ የለዩትም ስለዚህ ነው።

ከሱፍ ፋብሪካ ወደ ወታደር አንገት

አባ ሰንጋ ባሲለስ አንትራሲስ በተባለ ባክቴሪያ የሚመጣ፣ በተለይ ሣር በል እንስሳትን የሚያጠቃና ከእንስሳት ወደ ሰው የሚተላለፍ በሽታ ነው። «አንትራክስ» የሚለው ዓለም አቀፍ ስሙ በግሪክኛ ከሰል ማለት ሲሆን፣ ስያሜውን ያገኘው በቆዳ ላይ ከሚፈጥረው ጥቁር ቅርፊት ነው። ሮበርት ኮኽ እ.ኤ.አ. በ1876 የባክቴሪያውን የሕይወት ዑደት ገልጾ የበሽታው መንሥኤ መሆኑን አሳየ፤ ሉዊ ፓስተርም እ.ኤ.አ. በ1881 በበጎችና በከብቶች ላይ የክትባቱን ውጤት በአደባባይ አስመሰከረ።

የዚህ ባክቴሪያ ዋናው ኃይሉ ስፖር መሥራቱ ነው። ባክቴሪያው ከእንስሳው አካል ወጥቶ አየር ሲያገኝ ጠንካራ ሽፋን ወዳለው የመቆያ ቅርጽ ይለወጣል። በዚህ ሁኔታ በአፈር ውስጥ፣ በቆዳና በጸጉር ላይ ለአሥርተ ዓመታት ሊቆይ ይችላል። ድርቀት አይጎዳውም፤ አልኮልም አይገድለውም። ምቹ ቦታ ሲያገኝ ደግሞ እንደገና ይነቃል። በቆዳ ላይ በተፈጠረ ትንሽ ጭረት ከገባ አብዛኛውን ጊዜ ከ1 እስከ 7 ባሉት ቀናት ውስጥ የሚያሳክክ ትንሽ ጉብታ ይወጣል፤ ጉብታው ውኃ ይቋጥርና ይፈርጣል፤ በመጨረሻም መካከሉ ጥቁር ሆኖ ዙሪያው ያብጣል። ቁስሉ እንደ አስፈሪነቱ የማያም መሆኑ ብዙ ሰዎችን ያዘናጋል።

እስከ አንደኛው የዓለም ጦርነት ድረስ በአውሮፓ ከተሞች ይህ በሽታ የሥራ በሽታ ተደርጎ ይታይ ነበር። ቆዳ ፋቂዎች፣ ሥጋ ሻጮችና በፋብሪካ ሱፍ የሚለዩ ሠራተኞች ይያዙበታል። በሳንባ የሚገባው ዓይነት «የሱፍ ለያዮች በሽታ» እስከ መባል ደርሶ ነበር። ስለዚህ እ.ኤ.አ. ከ1915 ጀምሮ ከብትም ሱፍም ነክተው የማያውቁ ሰዎች በፊታቸውና በአንገታቸው ላይ ጥቁር ቁስል ይዘው መምጣት ሲጀምሩ በእንግሊዝ አገር የነበሩ ሐኪሞች ግራ ተጋቡ። በኋላም በአሜሪካ ወታደሮች ዘንድ ተመሳሳይ ሁኔታ ታየ።

ምስጢሩን የፈታው የተራቀቀ መሣሪያ ሳይሆን የሕመም ታሪክን በጥሞና መጠየቅ ነው። ቁስሉ ለምን ጢም በሚላጭበት ቦታ ብቻ ይወጣል? ታማሚው በቅርቡ ምን አዲስ ዕቃ ገዛ? መልሱ በተደጋጋሚ አንድ ሆነ፤ አዲስና ርካሽ ብሩሽ። ብሩሾቹ ወደ ላቦራቶሪ ተልከው ሲመረመሩ ባክቴሪያው ተገኘባቸው፤ ገና ያልተሸጡ ብሩሾችም እንዲሁ ተበክለው ተገኙ። እ.ኤ.አ. ከ1915 እስከ 1924 ባለው ጊዜ ውስጥ በሁለቱ አገሮች ከ200 በላይ ሰዎች ከብሩሽ ጋር በተያያዘ አባ ሰንጋ መያዛቸው ተመዝግቧል። ከእነዚህ የሚበዙት የአሜሪካ ወታደሮች ነበሩ።

ለዚህ ምክንያት የሆኑት ነገሮች ሦስት ናቸው። አንደኛው የንግድ መስመር መለወጡ ነው። ከጦርነቱ በፊት ከሩሲያና ከሩቅ ምሥራቅ የሚመጣው የፈረስ ጸጉር በብዛት በጀርመን በኩል ያልፍ ስለነበረ እዚያው ታጥቦና ጀርሙ ተገድሎ ነበር ወደ ሌሎች አገሮች የሚሄደው። ጦርነቱ ይህን መስመር ሲዘጋው ጸጉሩ ሳይጸዳ በቀጥታ ወደ ብሩሽ ሠሪዎች ይደርስ ጀመር። ሁለተኛው የባጀር ጸጉር እጥረት ነው፤ ክፍተቱን ባጀር እንዲመስል የተደረገው የፈረስ ጸጉር ሞላው። ሦስተኛው የፈላጊው ብዛት ነው። የመርዝ ጋዝ መከላከያ ጭንብል ፊት ላይ በሚገባ እንዲገጥም ወታደር ጢሙን መላጨት ነበረበት። የአሜሪካ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1918 ለሠራዊቱ ወደ 3.5 ሚሊዮን የሚጠጉ የጂሌት መላጫዎች ማዘዙ ይነገራል። ከመላጫው ጋር ብሩሽም ያስፈልጋል፤ በጥድፊያ የሚሠራ ርካሽ ብሩሽ ደግሞ ማን እንደ ሠራውና ጸጉሩ ከየት እንደ መጣ የሚጠይቅ አልነበረም።

ምላጭ የማይታይ ጭረት ይከፍታል፤ ብሩሹ በዚያ ላይ ስፖሩን ያሻል። ለበሽታው ከዚህ የተመቸ መንገድ የለም። በጊዜው አንቲባዮቲክ አልነበረም። ጣሊያናዊው አኪሌ ስክላቮ እ.ኤ.አ. በ1895 ያስተዋወቀው ፀረ አባ ሰንጋ ሴረምና ቁስሉን ቆርጦ ማውጣት ዋናዎቹ የሕክምና ዘዴዎች ነበሩ። በእጅ ላይ የወጣ ቁስል ብዙውን ጊዜ ይድናል፤ በአንገት ላይ ሲሆን ግን እብጠቱ የአየር መተላለፊያን ሊዘጋ ስለሚችል አደጋው የከፋ ነበር። ፔኒሲሊን በሥራ ላይ የዋለው ከሃያ ዓመታት በኋላ ነው።

ወረርሽኙ እንዴት ቆመ?

በሽታው የተገታው አዲስ መድኃኒት ስለተገኘ አይደለም። ምንጩ ላይ እርምጃ ስለተወሰደ ነው። እንግሊዝ እ.ኤ.አ. በ1919 አባ ሰንጋን የሚመለከት የመከላከያ ሕግ አወጣች፤ በ1920 በጃፓን የተሠሩ የጢም መላጫ ብሩሾች እንዳይገቡ አገደች፤ በ1921 ደግሞ ከውጭ የሚመጣ ሱፍና ጸጉር በፎርማልዲሃይድ የሚጸዳበት ጣቢያ በሊቨርፑል ወደብ ከፈተች። በአሜሪካም ጸጉሩ ወደ ፋብሪካ ከመግባቱ በፊት በተወሰነ ዘዴ እንዲጸዳ የሚያስገድዱ ደንቦች ወጡ። ኋላም እ.ኤ.አ. በ1938 የናይሎን ጸጉር ያለው የጥርስ ብሩሽ ለገበያ ሲቀርብ እንስሳን ጨርሶ የማይነካ ሌላ አማራጭ መጣ። በዚህ ዓይነት ከብሩሽ የሚመጣ አባ ሰንጋ ከሐኪሞች ዕለታዊ ሥራ ወጥቶ የታሪክ ምዕራፍ ሆነ። ዛሬ በሕጋዊ ፋብሪካ ከተሠራ አዲስ ብሩሽ ይህን በሽታ የማግኘት ዕድል የለም ማለት ይቻላል።

ከእንጦጦ ሲታይ

የእንስሳት በሽታ የንግድንና የጦርን መንገድ ተከትሎ እንደሚጓዝ የእኛ አገር በመራራ ተሞክሮ አውቃዋለች። ዳግማዊ ምኒልክ ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. በእንጦጦ ማርያም ንጉሠ ነገሥት ተብለው ዘውድ ሲጭኑ አገሪቱ «ክፉ ቀን» በተባለው ዘመን ውስጥ ነበረች። «ደስታ» የተባለው የከብት በሽታ የጣሊያን ጦር በምፅዋ በኩል ካስገባቸው ከብቶች ጋር መጥቶ የአገሩን በሬና ላም ፈጀ፤ የሚያርስ በሬ በመጥፋቱም ሕዝቡ በረኀብ አለቀ። ያ በሽታ በቫይረስ የሚመጣ ስለነበረ በክትባት ሊሸነፍ ቻለ፤ ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2008፣ ዓለምም በ2011 ከደስታ በሽታ ነጻ መሆናቸው ታውጇል። አባ ሰንጋ ግን ስፖሩ በአፈር ውስጥ ስለሚቆይ እንዲህ በቀላሉ የሚነቀል አይደለም።

ስለሆነም ለአውሮፓ ሐኪም ታሪክ የሆነው በሽታ ለኢትዮጵያ ሐኪም ዛሬም የዕለት ጉዳይ ሊሆን ይችላል። አባ ሰንጋ በአገራችን በግዴታ ሪፖርት ከሚደረጉት በሽታዎች አንዱ ነው። ከእንስሳት ወደ ሰው ከሚተላለፉት መካከል ቅድሚያ ከተሰጣቸው አምስት በሽታዎችም ውስጥ ከእብድ ውሻ በሽታ ጋር ተመድቧል። ሰዎች በብዛት የሚያዙት በድንገት የሞተን ከብት ሲያርዱ፣ ሲገፉና ሥጋውን ሲበሉ ነው። የከብቶች ክትባት በአገር ውስጥ፣ በቢሾፍቱ ይመረታል። ቆዳና ጸጉር ግን ከገጠር ወደ ከተማ፣ ከከተማም ወደ ውጭ ይጓዛሉ። እ.ኤ.አ. በ2006 በኒውዮርክ፣ በ2008 ደግሞ በለንደን ከበሮ ሠሪዎች ከእንስሳ ቆዳ በተነሣ አቧራ በሳንባ አባ ሰንጋ ተይዘዋል፤ የለንደኑ ሰው ሕይወቱ አልፏል። እነዚህ ክስተቶች ቁጥራቸው እጅግ ጥቂት ነው። ቢሆንም ሐኪም በፊት፣ በአንገት ወይም በእጅ ላይ የማያምና መካከሉ የጠቆረ ቁስል ባየ ጊዜ ስለ ሥራ፣ ስለ ከብትና ስለ ዕቃ መጠየቅ እንደሚገባው ያስተምራሉ።

የጋራ ብሩሽ

ታሪኩ አባ ሰንጋን ቢያነሣም በዛሬዎቹ ጸጉር ቤቶች የሚያሰጋን ሌላ ነው። በመገናኛ፣ በሾላና በኮተቤ መንገዶች ዳር ጸጉር አስተካካዮች ከንጋት እስከ ምሽት ይሠራሉ። አብዛኛው ሥራ የሚከናወነው በተለምዶ ቶንዶስ በሚባለው የኤሌክትሪክ ማሽን ነው። በሳሙና አረፋና በምላጭ መላጨት የሚፈልግ ደንበኛ ሲመጣ ግን አንዱ ብሩሽ ለብዙ ሰው ሊያገለግል ይችላል።

በኢትዮጵያ የኤችአይቪ ተሕዋስ በደም ናሙና ውስጥ የተገኘው እ.ኤ.አ. በ1984 ነው፤ የመጀመሪያዎቹ የኤድስ ሕሙማን የታዩት ደግሞ በ1986። ከዚያ በኋላ በተሰጠው ሰፊ ትምህርት ምክንያት «ለአንድ ሰው አንድ ምላጭ» የሚለው መመሪያ በጸጉር ቤቶች ሥር ሰደደ፤ የራሱን ምላጭ ይዞ የሚሄድ ደንበኛም ብዙ ነበር። ይህ የሕዝብ ጤና ትምህርት ካስገኛቸው መልካም ውጤቶች አንዱ ነው። ነገር ግን ትኩረቱ ሁሉ በስለቱ ላይ ስለነበረ ብሩሹ ተዘነጋ። ምላጩ ተለውጦ ብሩሹ ሳይለወጥ ከቀረ ከቀደመው ደንበኛ ጭረት የወጣ ደም በአረፋው በኩል ወደ ተከታዩ ሊሻገር ይችላል። የጉበት በሽታ አምጪው የሄፓታይተስ ቢ ቫይረስ ከሰውነት ውጭ ቢያንስ 7 ቀን የመበከል ኃይሉን ይዞ እንደሚቆይ መዘንጋት የለበትም። የጢም ጭርትና በስታፊሎኮከስ የሚመጣው የጸጉር ሥር መመገልም በዚሁ መንገድ ይተላለፋሉ።

የማጽዳቱ ነገርም አንድ ዓይነት አይደለም። ብረት በእሳት ወይም በእንፋሎት ይጸዳል፤ ብሩሽ ግን እሳት አይችልም። አልኮል ብዙ ተሕዋስያንን ቢገድልም በጸጉሩ ሥር የደረቀ ሳሙናና ደም ካለ ውስጡ አይደርስም፤ ስፖርንም እንደማይገድል ከላይ ተገልጿል። ስለዚህ ለጸጉር ቤት የሚሰጠው ምክር ግልጽ ነው፤ የጋራ ብሩሽ አይኑር። ደንበኛው የራሱን ያምጣ፣ አለዚያም አረፋው በታጠበ እጅ ወይም ከቆርቆሮ በሚወጣ አረፋ ይቀባ።

ብሩሽ ሲመረጥ

በቤቱ በሳሙናና በምላጭ መላጨት የሚፈልግ ሰው ብሩሽ ቢጠቀም ይጠቀማል። ብሩሹ ጢሙን አርሶና አለስልሶ ከቆዳው ቀና ስለሚያደርገው ምላጩ ሳይጎትት ይቆርጣል። ጢሙ የተጠቀለለ ሰው በተለይ ማወቅ የሚገባው ግን ዋናው መፍትሔ ብሩሹ አለመሆኑን ነው። ጢምን በሞቀ ውኃ ማራስ፣ ባለ አንድ ስለት መላጫ መያዝ፣ ወደ ጸጉሩ አበቃቀል አቅጣጫ መላጨት፣ ቆዳን አለመወጠርና አንዱን ቦታ አለመደጋገም ያስፈልጋል። እባጩ ከበረታ ደግሞ መላጨትን ለጥቂት ሳምንታት መተው ይሻላል።

ብሩሹን በሚመለከት የሚከተሉት ነጥቦች ይበቃሉ። አዲስና ሠሪው የታወቀ ይሁን። የባጀር ጸጉር ለስላሳና ውኃ ያዥ ነው፤ የአሳማው ጠንከር ያለ ሆኖ በአገልግሎት ብዛት ይለሰልሳል፤ ሃይማኖቱ የአሳማን ነገር የሚከለክለው ሰው ግን ሳይጠይቅ መግዛት የለበትም። ሰው ሠራሹ በዋጋ ይረክሳል፣ ቶሎ ይደርቃል፣ ለማጠብም ይቀላል፤ ከጤና አንጻር ለአብዛኛው ሰው የሚመከረው ይኸው ነው። ሲገዛ ጸጉሩን በቀስታ ሳብ አድርጎ የማይነቀል መሆኑን፣ ሥሩ በእጀታው ላይ በደንብ መጣበቁንና እጀታው ስንጥቅ የሌለው መሆኑን ማየት ይገባል፤ ስንጥቅ የእድፍ መደበቂያ ነውና። ከተላጩ በኋላ ሳሙናው እስኪለቅ በንጹሕ ውኃ አጥቦ፣ ውኃውን አራግፎ ነፋስ በሚያገኘው ቦታ ማድረቅ ያስፈልጋል። በእንጦጦ ግርጌ በክረምት ወራት እርጥበቱ ስለሚበረታ እርጥቡን ብሩሽ በቦርሳ ወይም በተዘጋ ዕቃ ውስጥ ማኖር ጥሩ አይደለም። ከሁሉም በላይ ብሩሽ እንደ ጥርስ ብሩሽ የአንድ ሰው ብቻ ነው፤ አባትና ልጅም ቢሆኑ አይዋዋሱትም።

ማጠቃለያ

ለወጣቱ የተሰጠው መልስ ይህ ነበር፦ «ብሩሽህ ተበክሏል ማለቴ አይደለም፤ ምናልባት አንዳች ነገር የለበትም። ግን የተሠራው ጸጉር ሳይጸዳ በሚሸጥበት ዘመን ሊሆን ይችላል፤ ሠሪውንም የሚነግረን የለም። ቤት ውስጥ ብትቀቅለው እጀታው ይበላሻል፤ መጽዳቱንም ማረጋገጥ አትችልም። ለቅድመ አያትህ መታሰቢያ አስቀምጠው እንጂ አታርሰው፤ ፊትህንም አታስነካው።»

ወጣቱ ጥቂት ቅር አለው። ወዲያው ግን «ቅድመ አያቴ ግን ሲላጩበት ኖረዋል እኮ!» አለ። እውነት ነው፤ በዚያ ዘመን ከነበሩት በሚሊዮን የሚቆጠሩ ብሩሾች የተበከሉት ጥቂቶቹ ነበሩ። የታመሙት ወታደሮችም ብሩሻቸውን ሲገዙ የትኛው የትኛው እንደሆነ አያውቁም ነበር። ይህ ሲነገረው ብሩሹን እንደ አመጣጡ በወረቀት ጠቀለለው። በሁለተኛው ቀጠሮው አንገቱ ተሽሎት መጣ። ከሾላ ገበያ ባለ ናይሎን ብሩሽ መግዛቱን ተናገረ፤ የአሮጌው ነገር ሲነሣም አያቱ በላስቲክ አሽገው ከቅድመ አያቱ ፎቶግራፍ አጠገብ በመስታወት ቁም ሣጥን ውስጥ እንዳኖሩት ነገረን።